ጓዳ የማይደርስ ዋይፋይ

ባውጁ ሥራ ውላ ቤቷ ስትገባ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ የሚቀበላት የአማቷ ጩኸት ነበር።

"ባውጁ! መጣሽ ወይ? ሰውዬው ደግሞ ደረቀ!"

ሰውዬው የአሻንጉሊት ቲያትር ጀግና ነው። ነጭ ካባ ለብሶ፣ ሰይፉን እንደመዘዘ ታብሌቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጠላቱም ፊት ለፊቱ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ኢንተርኔቱ ሲመጣ ይሞሻለቃሉ፤ ሲሄድ ባሉበት ይቀራሉ። እማማ ሊያው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ ስለማይወርዱ፣ ከዚህ ዓለም የቀራቸው ደስታ ይኸው ሰውዬ ነው። ሲደርቅባቸው ታዲያ ይጮኻሉ። የሚጠሩት አጠገባቸው የተቀመጠችውን ዋርቲኒን አይደለም። የሚጠሩት ምራታቸውን ነው፣ ምራታቸው ቤት ባትኖርም።

"ዛሬስ ስንቴ ጠሩኝ?" ትላለች ባውጁ።

"ኧረ እትዬ፣ እኔ መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ" ትላለች ዋርቲኒ።

ዋርቲኒ አሮጊቷን ለማስታመም ከጃቫ የመጣች ሴት ናት። የዚህችን ከተማ፣ የሉካንግን፣ አነጋገር የለቀመችው ከእማማ ሊያው አፍ ስለሆነ፣ በወጣትነት ዕድሜዋ የምታወራው እንደ ባልቴት ነው። ገበያ ላይ ዓሣ ሻጩን "አንተ እድሜ የነሳህ" ስትለው ሰልፈኛው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል።

ባውጁ ራሷ የባሕር ዳር ልጅ ናት። ከእናቷ ጋር ዛጎል ስትፈለፍል ነው ያደገችው፤ የቢላዋው ጠባሳ እስከ ዛሬ ጣቶቿ ላይ አለ። ለጂንሹይ ተድራ እዚህ ቤት ገባች። ጂንሹይ የቤት ዕቃ ጠራቢ ነበር፤ ዝምተኛ፣ እጁ የተባረከ። ልጅ ሳይወልዱ ጉበቱን ታሞ ሞተ። ታናሽ ወንድሙ ጂያሆንግ ሚስቱን ይዞ ታይፔ ከገባ ቆይቷል። ባውጁ ያኔ ወደ እናቷ ቤት ብትመለስ የሚፈርድባት አልነበረም። ለምን እንዳልተመለሰች ሲጠይቋት፣ "ታዲያ እሳቸውን ማን ይጦራቸው?" ከማለት ሌላ መልስ የላትም። ከማለዳ ጀምራ በአንድ ምሳ ቤት የፈላ ዘይት ፊት ቆማ የአሳማ ሥጋ ትጠብሳለች፤ ማታ እግሯ አብጦ፣ ጸጉሯ ዘይት ዘይት እየሸተተ ትገባለች።

ታብሌቱን ለአዲስ ዓመት የላከው ጂያሆንግ ነው። ራሱ መምጣት ሲያቅተው ታብሌት ላከ። ኢንተርኔቱ ግን ከቴሌቪዥኑ ኬብል ጋር የሚገባው በመንገድ በኩል፣ በፊተኛው ክፍል ነው። የኬብሉ ሳጥንም እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቤቱ ደግሞ እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ ፊቱ ጠባብ፣ ሆዱ ረጅም ነው። ከፊተኛው ክፍል ቀጥሎ የአያቶች መሠዊያ ያለበት አዳራሽ፣ ከዚያ ሰማይ የሚያሳይ ትንሽ ግቢ፣ ከዚያ ማድ ቤት፣ ከሁሉም ኋላ የእማማ ሊያው ጓዳ። ዋይፋዩ አዳራሹ ድረስ እየተንገዳገደ ይመጣና ግቢው ላይ ይቀራል። ጓዳ የሚደርሰው ሲያሰኘው ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ባውጁ ስትገባ ጥሪ አልሰማችም። ደንግጣ ወደ ጓዳ ሮጠች። አሮጊቷ ታብሌቱን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ ድምፅ ሳያወጡ ያለቅሱ ነበር።

"ምን ሆኑ እማማ? አመመዎት?"

"ይህን ውጊያ ሳላይ ልሞት ነው" አሉ። "ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሰይፉን አንስቶ ቀረ።"

ጩኸታቸውን ለምዳዋለች። ይኼኛው ግን አንጀቷን በላው። በነጋታው የዕረፍት ቀኗ ነበርና፣ ተኝቼ እውላለሁ ያለችውን ትታ ለጂያሆንግ ደወለች።

"ትልቁን ራውተር ግዢ እትዬ" አለ ጂያሆንግ ሳያስጨርሳት። "ስድስት አንቴና ያለውን። እኛ ቤት እሱ ነው ያለው፣ እሳት ነው!"

"የእናንተ ቤት እኮ ባንድ እርምጃ ያልቃል ጂያሆንግ።"

"በዚህ ነገር እመኚኝ። ስብሰባ ልገባ ነው።"

የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ሻጭ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ወፍራም ጎልማሳ ነው። አንቴናውን ከመቁጠር ይልቅ ስለ ቤቱ ጠየቃት።

"ግድግዳው ምንድን ነው እናቴ?"

"የድሮ ጡብ ነው። እንዲህ ይወፍራል" አለች፣ ክንዷን እስከ ክርኗ እያሳየችው።

"እንግዲያው አንድ ራውተር፣ የፈለገው ቢሆን፣ ዘልቆ አይሄድልዎትም። ጥንዱን ይውሰዱ። አንዱን ፊት ለፊት ያስቀምጡት፤ ሁለተኛው መሐል ሆኖ ከሱ እየተቀበለ ወደ ጓዳ ያሻግራል።"

ባውጁ ይህን ዘፈን ታውቀዋለች። አንድ ሲጠየቅ ሁለት የማይሸጥ ነጋዴ የት አለ? ባለ ስድስት አንቴናው መደርደሪያው ላይ በጀርባው እንደተገለበጠ ሸርጣን እግሮቹን ሰቅሎ ተጋድሟል። አላማራትም፤ ግን ጉልበት ያለው ይመስላል። ለመከራከርም አቅም አልነበራት። ሸርጣኑን ገዝታ ወጣች።

ቤት ደርሰው፣ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ሥዕሎች እየተከተሉ ከዋርቲኒ ጋር ገጣጠሙት። ከኬብሉ ሳጥን የሚወጣውን ሽቦ ከድሮው ራውተር ነቅለው አዲሱ ላይ ሰኩት። መብራቱ ብርቱካን ሆነ። ሥዕሉ አረንጓዴ ይላል። ጠበቁ፤ ብርቱካን። ዋርቲኒ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ ብርቱካን። ባውጁ ለኬብሉ ድርጅት ደወለች፤ ሙዚቃ ሲያሰሟት ቆይተው፣ እንቅልፍ የተጫናት የምትመስል ሴት አነሳች።

"ሳጥኑ የሚያውቀው መጀመሪያ የለመደውን ዕቃ ብቻ ነው እህቴ። ከኤሌክትሪክ ይንቀሉትና ትንሽ ይተዉት። የድሮውን ይረሳዋል። ከዚያ መልሰው ይሰኩት።"

"ይረሳዋል?"

"አዎ፣ ይረሳዋል።"

"እንዲህ መርሳት ማን ባደለኝ!" አለች ባውጁ።

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "እኔንም ያድለኝ እህቴ" ብላ ዘጋችው።

ነቅለው፣ ጠብቀው ሰኩት። አረንጓዴ! ቀጥሎ ወረቀቱ ዋይፋዩን ስም ስጡት አላቸው። "'ባውጁ መጣሽ ወይ' እንበለው" አለች ዋርቲኒ፤ አሉትም። ለይለፍ ቃሉ ደግሞ ጎረቤት የማይገምተው አንድ የጃቫ ስድብ ተገኘለት። ፊተኛው ክፍል ውስጥ ዋርቲኒ ስልኳን ስትከፍት ነገሩ ሁሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ታብሌቱን ይዛ ወደ ጓዳ በረረች። ባውጁ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች።

"ደረቀ!" የሚል ድምፅ መጣ ከጓዳ።

ሸርጣኑን ሽቦው እስከፈቀደለት ድረስ ጎተተችው፤ የአዳራሹ ደፍ ላይ ቀረ። አንቴናዎቹን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን አጠፈቻቸው። ወንበር ላይ አወጣችው። ምንም። በመጨረሻ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች፤ ካርቶኑም ከሥሯ ተጨፈለቀ። የዕረፍት ቀኗ አልቋል። እግሯ እንደ ሥራ ቀን አብጧል።

በማግስቱ ከሥራ መልስ ሸርጣኑን በተጨፈለቀው ካርቶን መልሳ ታቅፋ፣ የሚናገራትን ስድብ ሁሉ ለመስማት ልቧን አደንድና ሱቁ ገባች። ሻጩ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ካርቶኑን አየ፣ እሷን አየ።

"ጥንዱን ላምጣ?" አለ።

"አምጣ።"

ሌላ ቃል አልጨመረም። ባውጁ ይህን ውለታ ከራውተሩ አብልጣ ቆጠረችለት።

ጥንዶቹ ነጭ፣ ድቡልቡል፣ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ የሚመስሉ ናቸው። የፊተኛው ቶሎ ሠራ። ሁለተኛው የቤቱ መሐል መቀመጥ አለበት፤ የቤቱ መሐል ደግሞ የአያቶች መሠዊያ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሶኬትም የመሠዊያው ቀይ መብራቶች የተሰኩበት ብቻ ነው። ባውጁ ወደ ጓዳ ሄዳ አማቷን ጠየቀች።

"እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?" አሉ እማማ ሊያው። "ቦታው የነሱ ነው። እነሱን ጠይቂ።"

ባውጁ እጇን ታጥባ፣ አያቶች በአወዳደቃቸው መልስ የሚሰጡባቸውን ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው፣ ጀርባቸው የጎበጠ ቀይ እንጨቶች አንስታ መሠዊያው ፊት ቆመች። ነገሩን በትሕትና አስረድታ ወረወረች። ሁለቱም በጀርባቸው ተኙ፤ እሺም እምቢም ያልሆነ መልስ።

"ምን አሉ?" አሉ አሮጊቷ ከጓዳ።

"ሳቁ!"

"ይሳቁ! ድገሚያቸው!"

ደገመች። ሁለቱም በሆዳቸው ተደፉ። እምቢ ማለት ነው። ዋርቲኒ አንገቷን ደፋች። ባውጁ እንጨቶቹን ስታነሳ ወገቧ ስለያዛት ጎንበስ እንዳለች ቀረች። እዚያው እንዳለች የምታወራው ለአያቶቹ መሆኑ ቀርቶ ለባሏ ሆነ።

"ጂንሹይ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ደክሞኛል። አንተን እስከ ዛሬ ምንም አስቸግሬህ አላውቅም። ያለቀሱት የአንተ እናት ናቸው። ከጎንህ ያሉትን አባትህን አንተው ለምናቸው። እኔ ከዚህ በላይ አልችልም።"

ወረወረች። አንዱ ተደፋ፣ አንዱ ተንጋለለ።

"እሺ አሉ!" ብላ ጮኸች ዋርቲኒ፣ ባውጁ ገና ቀና ሳትል።

ነጩን ድቡልቡል ከፍራፍሬው ሳህን ጎን አኖሩት። መብራቱ ጥቂት ብልጭ ድርግም ብሎ ረጋ። ጓዳ ገብተው ታብሌቱን ከፈቱ። ሰውዬው ሰይፉን አወረደ፤ ተፋለመ፤ ዘለለ፤ ተሽከረከረ። እማማ ሊያው ትንፋሻቸውን ይዘው አዩት። መጨረሻው ላይ ጀግናው ደረቱን ተወግቶ ገደል ገባ።

"ምን?" አሉ አሮጊቷ። "ለዚህ ነው ያን ሁሉ ቀን የጠበቅኩት? ይህ ቀፎ ራስ!"

"አይሞትም እማማ፤ ገደል የገባ ሞቶ አያውቅም" አለች ዋርቲኒ። "ቀጣዩን ልክፈትልዎት።"

በመካከል ጂያሆንግ ደወለ፤ ፊቱ ታብሌቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። እናቱ ጸጉሩ መሸሹን አይተው አዘኑ። "ስድስቱ አንቴና ሠራ አይደል እትዬ? ነግሬሽ ነበር!" አለ። ባውጁ አፏን ከፈተች፤ መልሱ ረጅም እንደሚሆን አሰበችና፣ "ሠራ" ብላ ተወችው።

ስልኩ ሲዘጋ ልትነሳ ነበር፤ ድስት ማጠብ አለባት። እማማ ሊያው ግን የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ አደረጉ። "ተቀመጪ" አሉ። "ገደሉን አብረን እንየው።" ባውጁ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጀግናው ከገደሉ ሥር ገና ዓይኑን ሳይገልጥ የሷ ተከደነ።

"ድምፁን ቀንሺው" አሉ አሮጊቷ ለዋርቲኒ።

"እርስዎ አይሰሙም እኮ እማማ።"

"በዓይኔ ነው የማየው፤ ቀንሺው ብያለሁ!"

ዋርቲኒ ቀነሰችው። ከዚያ ተነስታ ድስቱን ልታጥብ ወደ ማድ ቤት ሄደች።