የደግፌ ጥሩምባ ወጨጫ ላይ

ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሰፈር ደግፌን በጠዋት ማየት የሚወድ ሰው የለም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የዕድር ጥሩምባ ነፊ ስለሆነ ነው። ገና ሳይነጋ ዳቦ ሊገዛ ቢወጣ እንኳ ሴቶቹ በየበራቸው ብቅ ብለው «ማን ነው? ማን ነው?» ይሉታል። «ዳቦ ነው» ይላል እሱ። አንዳንዶቹ አያምኑትም፤ ዳቦውን ይዞ እስኪመለስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

ሚስቱ ሙሉወርቅ በዚህ ነገር መቃጠል ከጀመረች ቆይታለች። የሰፈሩ ወሬ እንደሚለው፣ ወሬውም ከራሷ አፍ የወጣ ነው፣ እናቷ የሞቱ ዕለት ጥሩምባውን የነፋው ይኸው ደግፌ ነበር። ሦስት ጊዜ፣ እንደ ዕድሩ ደንብ፣ ለማንም እንደሚነፋው። ያን ቀን ቃል አስገባችው። «የእኔ ቀን ሲደርስ ሌላ ሰው ይንፋልኝ። ባንተ ትንፋሽ አልሸኝም» አለችው። በመድኃኔዓለም ማለላት።

መስከረም መጨረሻ ላይ የዕድሩ ጸሐፊ ሜሪ አንድ ሐሳብ አመጣች። ሜሪ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ የምትወጣ ወጣት ናት። ስብሰባ ላይ ተነስታ «ግማሻችን ግፊት፣ ግማሻችን ስኳር አለብን። በዚህ አያያዛችን ቀባሪ ሊጠፋ ነው። እንውጣና እንራመድ» አለች። ወጨጫ ተራራ ተመረጠ። በአንዱ በኩል ሽቅብ ወጥቶ፣ ከላይ የደን ጠባቂዎች መጠለያ ጋ አረፍ ብሎ፣ በሌላው በኩል ዞሮ መውረድ። አሥራ አምስት ሰው ተመዘገበ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ ሙሉወርቅ የባሏን ቦርሳ ዳሰሰችና ቅርጹን አወቀችው።

«ዛሬ እንኳ? ልንራመድ እንጂ ልንቀብር እኮ አይደለም የምንሄደው!»

«የዕድር ንብረት ነው፤ አደራ አለብኝ።» እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ ቤት ትቶት ሄዶ የጎረቤት ልጆች ሲነፉት፣ ግማሹ ሰፈር ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጥቷል። ሞቱ ተብሎ የተወራባቸው ሽማግሌም አብረው ወጥተው «ማን ነው?» እያሉ ሲጠይቁ ነበር።

«እኔስ የማን አደራ ነኝ?» አለች። ሚኒባሱ በሙሉ ሰማ። ደግፌ በመስኮት ወደ ውጭ አየ።

ከተራራው ሥር ከሚኒባሱ ሲወርዱ ስልኳን ሰጠችው፤ ቀሚሷ ኪስ የለውም። «ያዝ» አለችው። ከዚያ በኋላ አላናገረችውም።

ዳገቱ ደረት የሚነካ ነው። ሙሉወርቅ ግን ንዴቷ እየገፋት ሁሉንም ጥላ ሄደች። ደግፌ ከኋላ የዕድሩን ዳኛ ጋሽ መኳንንትን እየደገፈ ቀረ። ጋሽ መኳንንት ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ደከመኝ ማለት ስለማይሆንላቸው በየአሥር እርምጃው ቆም ይሉና «ይቺ ደግሞ ምን ዛፍ ናት?» ይላሉ።

«ጥድ ናት፣ ጋሼ።»

«አሃ! ያቺስ?»

«እሷም ጥድ ናት።»

ሰባት ሰዓት አካባቢ ጭጋግ ወረደ። መጀመሪያ ጫፉን በላው፤ ከዚያ ዛፎቹን፤ ከዚያ ከፊት የሚሄደውን ሰው ጀርባ። መጠለያው ጋ የደረሱት እየተጠራሩ ነው። ቆርቆሮ ክዳን ያላት የግንድ ቤት ናት፤ ጠባቂው ደበላ እሳት አንድዶ ተቀበላቸው። ሜሪ ቆጠረች። አሥራ አራት። እንደገና ቆጠረች።

«እትዬ ሙሉወርቅስ? ቀድመውን እዚህ የሚጠብቁን መስሎኝ…»

ደበላ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ በር ከእናንተ በፊት ያለፈ ሰው የለም። ከታች መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት አለ አይደል? ግራውን ይዛ ከሆነ…» ብሎ ገመዱን ከግድግዳው አወረደ።

«ግራው የት ያደርሳል?» አለ ደግፌ።

«የእንጨት ለቃሚዎች መንገድ ነው። መጨረሻው ገደል ነው።»

ደግፌ ስልኩን አውጥቶ ደወለላት። ጠራ። የጠራው ግን እዚያው እሱ ትከሻ ላይ፣ ቦርሳው ውስጥ፣ ከጥሩምባው አጠገብ ነበር። ሁሉም ሰሙት፤ አንድም ሰው አልሳቀም።

ደበላ ዱላውንና ገመዱን ይዞ ወደ መገንጠያው ወረደ፤ ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ጭጋጉ ዋጠው። የቀሩት ተሰልፈው «ሙሉወርቅ! ሙሉዬ!» እያሉ ጮኹ። ነፋሱ ድምፃቸውን ከአፋቸው እየቀማ ወደ ኋላ ወሰደው። ደግፌ ሚስቱን ያውቃታል። ስትናደድ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፤ ዞራ አታይም። እጁ ቦርሳው ውስጥ ገባ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ ጋሽ መኳንንት።

«ልነፋ።»

«ያለ ሞት አይነፋም! ደንባችን ነው። ደግሞስ በገዛ ሚስትህ ላይ ታሟርታለህ?»

ሟርት የምትለዋ ቃል እጁን ቦርሳው ውስጥ አስቀረችው። እናቷ የሞቱ ዕለት ያየችው አስተያየት መጣበት፤ መሐላው መጣበት። ዛሬ ነፍቶ፣ ደበላ ባዶ ገመድ ይዞ ቢመለስስ? የሷን መርዶ በራሱ አፍ ተናገረ ማለት አይደል?

«ጋሽ ደግፌ» አለች ሜሪ ቀስ ብላ፣ «ይንፉ። ሌላ የሚሰማ ነገር የለንም።»

ከንፈሩ ላይ አስጠጋው። ሃያ ስድስት ዓመት ያልከዳው ትንፋሽ እንቢ አለ፤ ሲጥ ብቻ አለ። ምራቁን ውጦ ደገመ። ወጣ። ያ ቀራንዮን ከእንቅልፉ የሚያስነሳ ረጅም ድምፅ ጭጋጉን ሰንጥቆ ሄደ። የቆሙት ሁሉ አማተቡ፤ አንዷ ሴትዮ ከልማድ የተነሳ እሪ ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች።

አዳመጡ። ምንም የለም።

ነፋ። ከታች ከመንደሩ ውሾች መለሱለት። ነፋ። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ሲንገዳገድ አንድ እጅ ከኋላ ደገፈው፤ ዞሮ ሲያይ ጋሽ መኳንንት ናቸው። «ምን ታየኛለህ? ንፋ እንጂ!» አሉት።

ስንት ጊዜ እንደነፋ አያውቅም። ብቻ ጭጋጉ ውስጥ የሆነ ነገር ነጣ። ሴት ናት። እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ጉንጯ በእሾህ የተጫረ፣ ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ የለበሰች። ደበላ ከኋላዋ እያለከለከ ይከተላል።

«ማን ነው?» አለች ሙሉወርቅ ገና ሳትደርስ። «ማን ሞተ? ጋሽ መኳንንት ናቸው?»

«እኔ? ምን አደረግሁሽ አንቺ ሴትዮ!»

እሳቸውን በሕይወት ስታያቸው ትንሽ ግራ ገባት። «መንገዱ አለቀብኝ» አለች። «ከፊቴ ሜዳ መስሎኝ እግሬን ላነሳ ስል ከኋላዬ ተነፋ። ለቅሶ ቀርቼ አላውቅ፤ ዞሬ መጣሁ።»

«የቆምሽበትን ባየሽው» አለ ደበላ፤ ቁጭ አለና ላቡን ጠረገ። «አንድ እርምጃ ነበር የቀረሽ።»

ሙሉወርቅ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየች። ሁሉም አሉ። ዓይኗ ባሏ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጥሩምባው በእጁ ነው፤ አገጩ ላይ ደም አለ።

«ለእኔ ነው የነፋኸው?»

ደግፌ ጥሩምባውን ዝቅ አደረገው።

«ቃልህስ?»

«ቃሌ ለሞትሽ ቀን ነው» አለ። «አልሞትሽም።»

«ስንት ጊዜ ነፋህ?» አለችው።

«እንጃ።»

«አሥራ ሰባት ድረስ ቆጥሬ ተውኩት» አለች ሜሪ።

«ለእናቴ ሦስት ነበር» አለች ሙሉወርቅ። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ አገጩን ጠረገችለት፤ ስትጨርስ ነጠላዋን አውልቃ በደህናው በኩል ለበሰችው። ቁልቁለቱ ገና ይጠብቃቸዋል። ቦርሳውን ከትከሻው ላይ ወሰደችና ጥሩምባውን ከስልኳ ጋር አስገብታ ራሷ አነገተችው።

«አንተ እግርህን አይተህ ርገጥ» አለችው። «ብትወድቅ መንፊያው ከእኔ ጋር ነው።»