የተሸኘች ልጅ

ዕፀገነትን ያጠፋት መሸኘቷ ነው። አለመሄድማ ማንንም አያጠፋም። በ1989 ዓ.ም. ከጉርድ ሾላ ልጆች ቤይሩት እሄዳለሁ ብለው የቀሩ ስንትና ስንት ነበሩ፤ አገቡ፣ ወለዱ፣ ሱቅ ከፈቱ፣ «ምነው ቀረሽ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም። እሷ ግን ሳትሄድ ተሸኘች።

እናቷ ወይዘሮ ደብሪቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ትንሽ የቅመማ ቅመም ሱቅ ነበራቸው። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ ባላቸው ሲሞቱባቸው ሁለት ሴት ልጆች ታቅፈው፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ በስኒ እየሰፈሩ ያሳደጉ ኩሩ ሴት ናቸው። የሰው እጅ አላዩም። ማታ ማታ ሲጸልዩም ከበሽታ ወይም ከድህነት አውጣኝ አይሉም፣ ከሰው አፍ ጠብቀኝ ነው የሚሉት። ይህን ጸሎት ልጆቻቸው ከጡት ጋር ጠብተውታል። ታላቂቱ ዕፀገነት ማትሪክ ወድቃ ዳቦ ቤት ሒሳብ ተቀባይ ሆና ስትገባ እንኳ ሰፈሩ የሰማው «ቢሮ ሥራ ይዛለች» ተብሎ ነው።

የቤይሩቱ ነገር የመጣው ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ሲወጡ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል በተከራየ ወኪል በኩል ነው። ሰውየው ክራቫቱን ሳይፈታ የሚበላ፣ ሳይፈታም የሚዋሽ ነበር። አሠራሩን ለዕፀገነት በደንብ አስረድቷታል፣ በዚህ እንኳ አይታማም። ቪዛ ፓስፖርቷ ላይ አይመታም። የምትቀጥራት የቤይሩት እመቤት ፈቃዱን እዚያው ታስወጣለች፣ ከዚያ ለአየር መንገዱ «ይህች ልጅ ትሳፈር» የሚል መልእክት በቴሌክስ ይመጣል። በነሱ ቋንቋ «ኦኬ» ይባላል። ኦኬው ካልገባ ቲኬት ወረቀት ነው፣ ፓስፖርትም ወረቀት ነው። «ስለዚህ ኦኬሽ ሳይገባ ማንንም እንዳትሰናበቺ» ብሏት ነበር።

ወይ አለመታደል! ማን ነው ይህን ለወይዘሮ ደብሪቱ የሚነግራቸው? ቲኬቱን ባዩ ቀን ለዕድሩ ሴቶች ተናግረው አድረዋል። እሳቸው የሚያውቁት መንገደኛ ቲኬቱን ይዞ፣ ሻንጣውን አስሮ፣ ተመርቆ የሚሄድ ሰው ነው። አንዱ የሽቦ መልእክት ከባሕር ማዶ መጥቶ «ይፈቀድላታል» ካላለ ልጄ አትሄድም የሚባል ነገር ጭራሽ በሐሳባቸው አልመጣም። ዕፀገነትም ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ስታበቃ በሬው ተገዝቶ ቅርጫው እየተመደበ ነው። አፏን መልሳ ዘጋችው። ይኼኔ ነው ነገሩ ያለቀው፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ትርፍ ነው።

እሑድ ድግሱ ተበላ። ክትፎው ተከትፎ፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው፣ ፎቶ አንሺ ተጠርቶ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ጋር ተራ በተራ ተነሣች። የዕድሩ አፈ ጉባኤ የሚባሉት ወይዘሮ ሃረገወይን፣ የሌላ ሰው ገመና ካልሆነ ምግብ የማይጥማቸው፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። ማክሰኞ ጧት ወኪሉ ዘንድ ሄደች። ኦኬው አልገባም። «ለበረራሽ ይደርሳል፣ ኤርፖርት እዚያው ታገኚዋለሽ» አላት። የዳቦ ቤቱን ሥራ ለቃለች፣ ድግሱ ተበልቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጥላለች። አምና ሄደች ብላችሁ አትፍረዱባት፤ ከማመን በቀር ሌላ ምን ቀርቷት ነበር?

በዚያው ቀን ከሰዓት የጎረቤታቸው የአቶ ሐምዛ ሚኒባስ ሸኚ ጭና ቦሌ ወረደች። ያኔ ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ለቅሶው በር ላይ ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ የልጃቸውን ግንባር ስመው «እንዳሳደግሁሽ ሁኚ» አሉና ለቀቋት። ዕፀገነት ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ካውንተሩ ላይ በሷ ዕድሜ የምትሆን ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ፓስፖርቷን ተቀብላ የመጡትን መልእክቶች አገላበጠች፣ ደግማ አገላበጠች፣ ስልክ ደወለች።

«እህቴ፣ ያንቺ አልገባም» አለቻት።

ጠብቂ ተባለች፣ ጠበቀች። ተሳፋሪው አለቀ። የሻንጣ ሚዛኑ ተዘጋ። ዕፀገነት ወደ በሩ ስታይ ሸኚዎቿ አልሄዱም፤ አጥሩ ጥግ ተደርድረው አውሮፕላኑ እስኪነሣ ይጠብቃሉ። የኛ ሰው ሲሸኝ ሸኝቶ ነው። አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ሲነሣ እናቷ ነጠላቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው አውለበለቡ። ታናሽ እህቷ ሀይሚ እየዘለለች ትጮኻለች። ሃረገወይን ይመርቃሉ። ዕፀገነት ከመስተዋቱ ጀርባ፣ ምሰሶ ተከልላ፣ ሲሰናበቷት አየች። አንድ እርምጃ ወጥታ «አለሁ» ብትል ኖሮ! አንድ ቀን ይስቁባት ነበር፣ ቢበዛ አንድ ወር። ግን ያችን እርምጃ ማን ይራመዳት? ሚኒባሱ እስኪሄድ ቆማ ጠበቀች፣ ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

የሄደችው ላምበረት ነው። ዳቦ ቤት አብራት ትሠራ የነበረች ሶሬቲ የምትባል ልጅ እዚያ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሶሬቲ ደግ ልጅ ናት፣ ፊት ለፊት ተናጋሪም ናት። አልጋዋን አካፈለቻትና ነገ ጧት እናትሽ ጋ ሂጂ አለቻት። ዕፀገነት ግን ነገ ኦኬው ይገባል አለች። ነገም አልገባም። ሐሙስ ይገባል ተባለች። ይህን ጊዜ ጉርድ ሾላ ልጅቱ ደረሰች አልደረሰች ብሎ ይጨነቅ ጀመር። እናቷ እህል አልቀምስ ማለታቸውን ሶሬቲ ሰምታ መጣች። ዕፀገነት ምን ታድርግ? ሳንቲም ይዛ የመንገድ ስልክ ዘንድ ሄደችና ስልክ ወዳላቸው ወደ ሃረገወይን ቤት ደወለች። እናቷ ተጠርተው እስኪመጡ ሳንቲም እየጨመረች ጠበቀች። «እማዬ፣ በሰላም ደርሻለሁ» አለች። እናትየው እልል አሉ። ሃረገወይን መነጋገሪያውን ነጥቀው ድምፅዋን ከሰሙ በኋላ፣ የሰለጠነ አገር ስልክ እንዴት ጥርት ይላል፣ የኛውማ ከጎረቤት ጋር አያገናኝም እያሉ ለሰፈሩ አወሩ። የደወለችው ከመገናኛ ነው።

ከዚያች ቀን በኋላ መመለሻ የለም። ሳትሄድ የቀረች ልጅ ታሳዝናለች፣ ደርሻለሁ ብላ የዋሸች ግን መሳቂያ ናት። ወኪሉም ቢሆን ብዙ አላቆያትም። በአራተኛው ሳምንት እመቤቲቱ ሌላ ልጅ ወስዳለች፣ ፈቃዱም በሌላዋ ስም ወጥቷል አላት። እስኪ ሌላ እንሞክራለን አለ። ዕፀገነት ስታለቅስ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውጭ አየ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ የዕፀገነት ላም የምትታለበው በሌላ ሰው ጓዳ ሆነ።

ሰው መብላት አለበት። ሶሬቲ አንድ ደላላ አገናኘቻትና ቦሌ፣ ከኤርፖርቱ ብዙም የማይርቅ ቪላ ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች። ደላላው «ለውጭ አገር የተመረጠች ናት» ብሎ ሲያስተዋውቃት የቪላው እመቤት ደስ አላቸው። ቤይሩት ልታጥበው የነበረውን ወለል ቦሌ አጠበችው። ቤይሩት ልትተኩሰው የነበረውን ሸሚዝ ቦሌ ተኮሰችው። አውሮፕላን በቤቱ ጣራ ላይ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል፣ እሷም ሳትወድ ቀና ትላለች። በየወሩ ለእናቷ የምትልከውን ገንዘብ ሶሬቲ «ከቤይሩት የመጣች ልጅ ሰጠችኝ» ብላ ታደርሳለች። የእናቷ ቤት በሁለት ታክሲ የሚደረስ ነው። እኔ ብዙ ስደት ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ስደት ግን አልሰማሁም፤ በገዛ አገሯ፣ በገዛ ከተማዋ፣ የእናቷ ድምፅ ናፍቋት በስልክ የባሕር ማዶ ሰው ሆና ታወራለች።

ሰኔ ሲገባ ዕፀገነት በቃኝ አለች። አንድ ቅዳሜ እመቤቷ ፈቀዱላት። ቤቴ እገባለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፣ ቢሰድቡኝም ይስደቡኝ፣ እናቴ ናቸው ብላ ቆረጠች። ባዶ እጇን ላለመግባት ሾላ ገበያ ወረደችና ብርቱካን መምረጥ ጀመረች። ጎንበስ እንዳለች የምታውቀውን ድምፅ ሰማች። ቀና ስትል ወይዘሮ ደብሪቱና ወይዘሮ ሃረገወይን ዘንቢል አንጠልጥለው ጭቃውን እየዘለሉ ይመጣሉ።

ወይዘሮ ደብሪቱ አዩዋት። አልጮኹም፣ አላማተቡም። ሃረገወይንን ነጭ ሽንኩርቱ ሳያልቅ ቅደሚልኝ ብለው ወደ ማዶ ሰደዱና መጥተው ከልጃቸው ጎን ቆሙ። ብርቱካን አንሥተው ያገላብጡ ጀመር።

«እማዬ» አለች ዕፀገነት።

«ወደ ብርቱካኑ እያየሽ ተናገሪ።»

«ዛሬ ቤት ልመጣ ነበር። እማዬ፣ እኔ እኮ…»

«አውቃለሁ። ሐምዛ ቦሌ ሱቅ በር ላይ እንዳየሽ ነግሮኛል። ለማንም እንዳይተነፍስ በልጆቹ አስምዬዋለሁ።»

ዕፀገነት እናቷ የማያውቁ መስሏት ነበር ይህን ሁሉ ወር የተሸሸገችው። ያወቁት ከፋሲካ በፊት ነው። ፋሲካን ያለ እሷ ፈስከዋል።

«ታዲያ ለምን አልመጡም? ለምን አልፈለጉኝም?» አለች ዕፀገነት።

«መጥቼስ? ሰፈሩ ቆሞ የሸኛትን ልጅ ከሰው ጓዳ ጎትቼ ላውጣ? ሀይሚ ሽማግሌ ሊላክባት ነው። ‹የዚያች የውሸታሟ እህት› ትባልልኝ?» ወይዘሮ ደብሪቱ ያነሡትን ብርቱካን ወደ ቦታው መለሱና «ከስተሻል» አሉ።

«ደክሞኛል፣ እማዬ።»

«ይደክማል። የሰው አገር ያደክማል።»

ዕፀገነት ዞር ብላ ፊታቸውን አየችው። የሚቀልዱ መስሏት ነበር። አልቀለዱም። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ አፋቸው ግን ያው የጥንቱ የወይዘሮ ደብሪቱ አፍ ነው። የሚወዷት እናቷ ናቸው፣ ይህ ነው ክፋቱ። ባይወዷት ኖሮ ረግማቸው ትሄድ ነበር።

«ስትመጪ በቦሌ ነው የምትመጪው፣ ሻንጣሽን አስይዘሽ። እኛም በሐምዛ መኪና ወጥተን እንቀበልሻለን። በሾላ በኩል አይመጣም» አሏት።

ሃረገወይን ነጭ ሽንኩርታቸውን ይዘው ሲመለሱ ታዩ። ወይዘሮ ደብሪቱ ዘንቢላቸውን አነሡና ወደ ልጃቸው ሳይዞሩ «ሻሽሽን ወደ ግንባርሽ ሳቢው» አሉ።

ዕፀገነት ሻሿን ሳበች።

«ማን ናት እሷ?» አሉ ሃረገወይን።

«እንጃ፣ ሠራተኛ ናት መሰለኝ። የብርቱካኑን ዋጋ ስትጠይቀኝ ነው» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ሁለቱም ተያይዘው ሄዱ። ዕፀገነት ብርቱካኑን አስመዝና ወደ ቦሌ ተመለሰች።