ያጠፋሁት ጠባሳ

ሊይዙኝ የመጡ ቀን መብራት እያስተካከልኩ ነበር። ፎቶ ቤቴ ሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጋዋን የለበሰ ተመራቂ ፊቴ ተቀምጦ ፈገግታውን እንደያዘ ሁለት ሰዎች ገቡና "አንዴ ትፈለጊያለሽ" አሉኝ። ከወራት በፊት ጉርድ ፎቶ ያነሳሁት ሰውዬ የሚፈለግ ሰው ሆኖ ተገኝቷል። እኔ ስለሱ የማውቀው ግራ ጆሮው ከቀኙ ከፍ እንደሚል ብቻ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው፤ አልሳቁም። ነጠላዬን ከወንበሩ ላይ አንስቼ ተከተልኳቸው።

ያስገቡኝ ክፍል እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ከጣራው ሥር አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ሴቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተኝተዋል። መሽቶ ስለነበር የማንንም ፊት አልለየሁም። አንዲት ልጅ ብቻ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ሲነጋ በመስኮቷ ብርሃን ገባ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ መጀመሪያ ያየሁት ብርሃኑን ነው፤ ከቀኝ በኩል፣ ከፍ ብሎ፣ ለስላሳ። ቀጥሎ ያረፈበትን ፊት አየሁ። ቦታ የለቀቀችልኝ ልጅ ናት። ቅንድቧን ለሁለት የከፈለ ቀጭን ጠባሳ አላት። ጠባሳውን አውቀዋለሁ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመያዜ ጥቂት ቀደም ብሎ ከቀጨኔ አንዲት እናት ጥቁር ለብሰው ፎቶ ቤቴ መጥተው ነበር። ክፍለ ሀገር ታስተምር የነበረች ልጃቸው ሞተች ተብሎ መርዶ ደርሷቸዋል። ለአርባዋ ትልቅ ፎቶ ፈልገዋል፤ በእጃቸው ያለው ግን አንዲት የመታወቂያ ጉርድ ናት። "ነጠላ አልብሺልኝ" አሉ። "ይቺንም ጠባሳ አጥፊላት። በልጅነቷ ከደረጃ ወድቃ ነው፤ ሁልጊዜ ታፍርባት ነበር።"

በኮምፒውተር ነጠላ ማልበስ ቀላል ነው የሚል ሰው ሠርቶት አያውቅም። ጉርዱ ላይ ብርሃኑ ከቀኝ ነው፤ ነጠላው ላይ ከሌላ በኩል ከመጣ ጭንቅላቱ ተቆርጦ የተቀመጠ ይመስላል። ስለዚህ የራሴን ነጠላ ለብሼ ራሴን አነሳሁ። መብራቱን ወደ ቀኝ ወሰድኩት፣ ስስ ነጭ ጨርቅ ወጠርኩበት፣ የአገጬ ጥላ ከሷ አገጭ ጥላ ጋር እስኪገጥም ከፍ ዝቅ አደረግኩት። ከዚያ ፊቴን አወጣሁና የሷን አስገባሁ። ጠባሳውን ከአጠገቡ ካለው ቆዳ እየቀዳሁ ሸፈንኩት። አምሮ ነበር። እናትየው ፍሬሙን አቅፈው እያለቀሱ ወጡ።

አሁን ያቺው ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ የተላጨ ጭንቅላቷን ታካለች።

"የቀጨኔ ልጅ ነሽ?" አልኳት።

"አዎ። በምን አወቅሽ?"

ቅንድቧን አይቼ ዓይኔን ወደ መስኮቷ መለስኩ። ምሳ ሰዓት ላይ የቤተሰብ ምግብ ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነይ ብላት "ለእኔ የሚያመጣልኝ የለም" አለች። "እናቴ ክፍለ ሀገር አትሂጂ ብላ ተጣልተን ነው የወጣሁት። ከዚያ ይዘው ወደዚህ አመጡኝ። እዚህ መሆኔን ንገሩልኝ ብዬ ሰው ልኬ ነበር፤ ዝም አለችኝ። እንዲህ ትጨክናለች ብዬ አላሰብኩም።"

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"አልጨከኑም" አልኳት። "ሞተሻል ተብለው ነው። ተለቅሶልሻል። የአርባሽን ፎቶ የሠራሁት እኔ ነኝ።"

አፈጠጠችብኝ። በክፍሉ ውስጥ ማኘክ ቆመ። "አምሬ ነበር?" አለችኝ።

"በጣም" አልኩ። ትከሻው የኔ መሆኑንም ነገርኳት። ሳቀች። ወዲያው አፏን በእጇ አፍና ተንሰቀሰቀች።

በማግስቱ እህቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ፎቶ ቤቱን አብራኝ የምትሠራ ናት፤ ያንን ፍሬም የገጠመችውም እሷ ነች። በመካከላችን ገመድ አለ፣ አጠገባችን ደግሞ አንዲት ፖሊስ። "ስለ ምግብና ስለ ልብስ ብቻ" አለች ፖሊሷ። ስለ ሌላ እስረኛ ያወራ ጠያቂ እንደሚከለከል ሴቶቹ ነግረውኛል።

"ስለ ምግብ ነው" አልኩ ጮክ ብዬ። "ነጠላ ያለበስናት የቀጨኔዋ ልጅ እናት ምሳ ይዘው ይምጡ። ልጃቸው እዚህ ናት፤ ርቧታል።"

ምሳ ዕቃው ከእህቴ እጅ ወደቀ። ፖሊሷ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። "ስለ ምግብ ነው እኮ!" እያልኩ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጠያቂ አልነበረኝም።

እናትየው ግን መጡ። የልጅቷ ስም በሩ ላይ ሲጠራ ብድግ አለችና መራመድ አቃታት። ነጠላዬን አውልቄ ሰጠኋት።

"ራስሽን ሸፍኚበት። እንዲህ ተላጭተሽ ሲያዩሽ ይደነግጣሉ።"

ዳሰሰችው። "ፎቶው ላይ ያለው ይሄ ነው?"

"እሱ ነው።"

አጥፋ መለሰችልኝ። "እናቴ ያለቀሰችው ላንቺ ትከሻ ነው" አለች። "አሁን እኔን ትየኝ።" ባዶ ራሷን፣ ቀና ብላ ወጣች።

ጩኸት ጠብቄ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ምንም የለም። ስትመለስ ምሳ ዕቃ ይዛለች።

"አላመነችኝም" አለች። "እማዬ ብዬ ብጠራት ቆማ ታየኛለች እንጂ አትመልስም። በመጨረሻ እጇን በገመዱ ላይ ሰዳ ቅንድቤን ነካችው። ያን ጊዜ ነው ያመነችው።" ምሳ ዕቃውን ከፈተችና "ኑ፣ ብሉ" አለችን።

ሁለታችንም ከተፈታን ቆይተናል። እናትየው ያንን ፍሬም መልሰው አመጡልኝ። "ልሰቅለው አልችል፣ ልቀድደው አልችል፣ ምን ላድርገው?" አሉ። ከመብራቱ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀምጬዋለሁ። ሳጸዳ እጄ ከነካው ዛሬም እደነግጣለሁ።

አሁን ለአርባ ወይም ለሙት ዓመት ጉርድ ይዞ የመጣን ሰው ሳልጠይቅ አልቀበልም። "አስከሬኑን ያየ አለ?" እላለሁ። የሚቆጡኝ ብዙ ናቸው። እህቴም ደንበኛ ልታባርሪ ነው ትለኛለች።

ባለፈው ሰሞን አንድ ሽማግሌ የልጃቸውን ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው "ኮት አልብሺልኝ" አሉ። ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። ፎቶውን ሲያዩ ቆዩና "ማንም አላየውም" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው አንስተው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"የት እንደሚጠየቅ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

መብራቱን አጠፋሁ። ነጠላዬን ከወንበሩ ላይ አንስቼ አብሬያቸው ወጣሁ።