ከማዶ ሱቅ የገዛሁት ካውያ

ዳባት ውስጥ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። የሸማች መብት የሚለው ትምህርት ላይ ስንደርስ ልጆቹን በቃላቸው አስይዛቸዋለሁ፦ የተበላሸ ዕቃ የሸጠ ነጋዴ ወይ ይለውጣል ወይ ገንዘብ ይመልሳል፤ ደረሰኝ መስጠትም የእሱ ግዴታ ነው። እኔ ራሴ ካውያ ስገዛ ግን ደረሰኝ መጠየቅ ትዝ አላለኝም። ለስብሰባ ደባርቅ ሄጄ፣ ቅዳሜ ገበያው ደርቶ፣ የሚኒባሱ ረዳት «ዳባት! አምባ ጊዮርጊስ!» እያለ ሲጣራ፣ ትይዩ የሆኑ ሁለት ሱቆች ገብቼ ዋጋ ጠየቅሁና ካንዱ ገዝቼ ሮጥኩ።

ሁለት ቀሚስ ተኮስኩበት። በሦስተኛው አልሞቅ አለ።

በሳምንቱ ይዤው ተመለስኩ። ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። መነጽራቸውን አድርገው ካውያውን አገላበጡት።

«ልጄ፣ ከኛ ነው የገዛሽው? ደረሰኝ ይዘሻል?»

«እርስዎ ካልሰጡኝ ከየት አመጣለሁ? አለመስጠትዎ ራሱ ጥፋት ነው። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ አስተምረዋለሁ!»

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። በረንዳው ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ «እውነቷን ነው» አለ። ደጋፊ ሳገኝ ባሰብኝ።

«እንዲህ ሰው እያጭበረበሩ ነው የሚነግዱት?» አልኳቸው።

ይህን ስል ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ። የሳቸው ካውያዎች በሙሉ እጀታቸው ነጭ ነው። የኔ ሰማያዊ። ዞር ስል ሰማያዊዎቹ ከማዶ ሱቅ ተደርድረው ታዩኝ። እዚያው ላይ «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ብል ያበቃ ነበር። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ አስተማሪነቴን ጠርቼ ከፎከርኩ በኋላ፣ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ።

«ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ እከስዎታለሁ» አልኩ።

ሐጂ አዩኝ። ከዚያ ማዶውን አዩ። አንድ ነጭ ካውያ አውርደው ሶኬት ላይ ሰኩና እስኪሞቅ ጠበቁ።

«ንኪው» አሉኝ። ነካሁት። «በይ፣ ይቅር በይን ልጄ።»

የተበላሸውን እዚያው ትቼ ነጩን ተቀብዬ ሄድኩ።

ያንን ካውያ አንድ ቀን እንኳ አልሰካሁትም። ለማንም አልተናገርኩም። ልብሴን ሳልተኩስ ክፍል እየገባሁ አንድ ወር ያህል ቆየሁና ጠቅልዬ ይዤላቸው ሄድኩ።

«ሐጂ፣ ያን ቀን እያወቅሁ ነው የዋሸሁት። የገዛሁት ከማዶ ነበር።»

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ሰጡኝ?»

«ሰው ከቦሽ ነበር። የሰው ልጅ፣ ያውም አስተማሪ፣ ባደባባይ ማዋረድ ከበደኝ።»

ጥቅሉን ተቀበሉኝና የተበላሸውን ከጠረጴዛው ሥር አወጡ።

«ይኸውልሽ፣ ለሸጠልሽ ሰው መልሺለት። ደረሰኝ ባይኖርሽም ፊትሽን አይረሳም። መብትሽ ነው። አንድ ነገር ግን ላስቸግርሽ። አጭበርባሪ ስትይኝ ሰው ሰምቷል። ይህንንም ይስማልኝ።»

ስወጣ በረንዳው ላይ የነበረው ልብስ ሰፊው ብቻ ነው። አጠገቡ ቆሜ «ያን ቀን ሐጂን ያልኳቸው ውሸት ነበር» አልኩት፣ በለሆሳስ።

«ምን አልሽ?» አለ የስፌት መኪናውን አቁሞ።

ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ቀና ብሎ እያየኝ «እኔንም አብረሽ አስበደልሽኝ» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ሱቅ ለመግባት ወኔ አልነበረኝም፤ የተበላሸውን ካውያ እንዳንጠለጠልኩ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ያን ቅዳሜ የከበቡንን ሰዎች አላውቃቸውም። አብዛኞቹ ገበያተኞች ነበሩና የሰሙትን ይዘው ወደየአገራቸው ገብተዋል። ከመካከላቸው ዛሬም «እዚያ ሽማግሌ ዘንድ እንዳትገዛ» የሚል አይጠፋም።