በብስኩት ሳጥኑ ውስጥ የተነሣው ጠብ

ጂንካ ተመድቤ ባዮሎጂ ማስተማር የጀመርኩት በደርግ ዘመን ነው። ሦስት ሴት መምህራን ሆነን ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራየን። አንዷ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ጎንደሬ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጣዋ እንደ ክብሪት ቶሎ የሚጫር፣ ቶሎ የሚጠፋ። ሌላዋ እዚያው ጂንካ ተወልዳ ያደገች የአሪ ልጅ ናት፤ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፣ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች፣ ስትስቅ ደግሞ ሦስተኛው ጎረቤት ይሰማታል። እኔ ከአሰላ ነኝ። በረባ ባልረባው የምንስቅበት ዕድሜ ላይ ነበርን።

አንድ ቅዳሜ ነሪ ወንዝ ወርደን ልብስ እናጥባለን። አንሶላውን ሁለት ጫፍ ይዘን ውኃው ውስጥ ነክረን ስናወጣው፣ መሃሉ ላይ ሁለት ዓሦች ይፈራገጣሉ። ርዝመታቸው እንደ ጣት ነው፤ ቡናማ ሆነው ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አላቸው፣ አፋቸው ዙሪያ ጢም አብቅለዋል። የሒሳቧ መምህርት ጮኻ አንሶላውን ለቀቀችው። እኔ ግን እግሬ እስኪደነዝዝ ውኃው ውስጥ ቆሜ መልሼ ያዝኳቸው።

«እነዚህን ልጅ ሆነን በእጃችን እንይዛቸው ነበር» አለች የጂንካዋ። «ድንጋይ ሥር ነው የሚተኙት። ለመብልማ ምን ሥጋ አላቸው?»

ስማቸውን በአማርኛ የሚያውቅ አላገኘሁም። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያገኘሁት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚመስሏቸውን ዓሦች ሥሎ «ሎች» ይላቸዋል። እኛ «ጢሞ» አልናቸው።

ቤት ለማግኘት አልተቸገሩም። በሠፈራችን ባለ አንድ የደገኛ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ብስኩት ይደረደርበት የነበረ ባለመስታወት ሳጥን ነበር፤ አንድ ጎኑ ስለተሰነጠቀ ከጓሮ ጥሎታል። ለምነን ወሰድነው። ስንጥቁን በመስኮት ስቱኮ ደፍነን፣ ውኃ ሞልተን፣ ደፍተን፣ እንደገና ሞልተን፣ ጠጠር አንጥፈን፣ ድንጋይ ደርድረን ዓሦቹን አስገባናቸው። ጢሞ የለመደው የሚወርድ ውኃ ስለሆነ፣ ፈተና የምታርመው ተቀምጣ ስታርም ሌላዋ በጆግ እየቀዳች ከላይ ታንቆረቁርላቸዋለች።

ገና በማግሥቱ ጠብ ተነሣ። ተለቅ የሚለው ትንሹን ከጥግ እስከ ጥግ ያሳድደዋል፣ ጅራቱን ይነክሰዋል፣ ጠጠሩ ላይ ገፍቶ ይጥለዋል። የትንሹ ነጠብጣብ ፈዘዘ፤ የታመመ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ይሄ ምን በደለው?» አለች የሒሳቧ መምህርት፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ።

«ምንም። ቦታው ጠቧቸው ይሆናል።»

«እኛስ በአንድ ክፍል ሦስት አልጋ ዘርግተን የለም? ማን ማንን ነከሰ?»

«ትናንት በማበጠሪያ የፈነከተችኝ ማን ነበረች?» አለች የጂንካዋ፤ ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተንከባለልን።

ትልቁን «ጉልቤው» አልነው። ለትንሹ መደበቂያ እንዲሆነው የተሰበረ የገንቦ አንገት ብናስገባ፣ ጉልቤው ገብቶ ተኛበት። የቀርከሃ ቁራጭ ብንጨምር እሱንም ያዘ። ድንጋዮቹን ብናዛውር ለጥቂት ጊዜ ግራ ይጋባና መልሶ ያሳድዳል። መጽሐፉን ባገላብጥ፣ እነዚህ ዓሦች በማኅበር የሚኖሩ ናቸው ይላል፤ ጥቂት ሲሆኑ ኃይለኛው አንዱን ለይቶ ያሠቃያል፣ ሲበዙ ግን ጠቡ ለሁሉም ስለሚከፋፈል ይበርዳል። ይህን ሳነብላቸው የሒሳቧ መምህርት ተቆጣች።

«አንድ ወንበዴ ያስቸገረን አንሶ ሠፈር ሙሉ እናምጣ?»

በዚያው ሰሞን የአከራያችን ላም ታማ የእንስሳት ሐኪም መጣ። የአሪ ደጋ ልጅ፣ አፋር ወጣት ነው፤ በሞተር ብስክሌት በቆላው እስከ ዲመካ ከተማ እየዘለቀ የሐመርና የበና አርብቶ አደሮችን ከብት ያክማል። እጁን ሊታጠብ ወደ እኛ ቢገባ ሳጥኑን አየና በርከክ አለ። ላሚቱን ረስቷት አከራያችን መጥተው እስኪጠሩት ድረስ ከዚያ አልተነሣም። ችግራችንን ስንነግረው «ለሥራ ስወጣ ከየጅረቱ ይዤላችሁ እመጣለሁ» አለን።

እውነትም ጄሪካኑን በሞተሩ ኋላ አስሮ መጣ። ወንበራችንን ስበን ተቀመጥን። ዓሦቹ ሲገለበጡ ጉልቤው ተወርውሮ ወጣ። አንዱን ነከሰ፤ ሌላው በጎኑ አለፈ፤ ወደዚያ ሲዞር ሦስተኛው ከፊቱ ተደቀነ። የቱን እንደሚያባርር ጨነቀው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀርከሃው ውስጥ ከአምስት እንግዳ ጋር ተደራርቦ ተኝቶ ነበር፤ ትንሹም ፊት ለፊት ወጥቶ የጣልንለትን ትል ይበላል። ከደስታችን ብዛት እልል ብንል አከራያችን እየሮጡ መጡ።

«ማን ታጨች?» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ «ዓሦቹ እንዴት ናቸው?» እያለ መመላለስ ጀመረ። እኔ በመጣ ቁጥር ፀጉሬን ቅባት እቀባለሁ። የጂንካዋ ለመዝሙር ቀን ያስቀመጠችውን ሻሽ ታስራለች። የሒሳቧ መምህርት ብቻ ከእርማቷ ቀና ሳትል «ደኅና ናቸው» ትለዋለች።

ደኅና ግን አልነበሩም፤ እየጎደሉ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስንቆጥር አንዱ የለም፤ በሌላ ቀን ደግሞ ሌላው። ሬሳ የለ፣ ከሳጥኑ የዘለለ የለ። ጥርጣሬው ያለ ክርክር ጉልቤው ላይ ወደቀ። የሒሳቧ መምህርት እየሰደበች በጭልፋ አውጥታ የማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ አሰረችው። በማግሥቱ አሁንም አንድ ጎደለ! ተፋጠጥን። የጂንካዋ ትል ልትሰጣቸው ጎንበስ እንዳለች ጮኸች፤ ከገንቦው አንገት ሥር ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ አንድ ዓሣ ብቅ ብሏል፣ ከአፉ የሌላ ዓሣ ጅራት ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ጢሞ አይደለም! አምባዛ ነው!»

ጢሙን ብቆጥር የጢሞ ስድስት ነው፣ የዚህ ስምንት። ከጄሪካኑ ሲወርድ እንደ ሌሎቹ ትንሽ ነበር፤ ባልንጀሮቹን እየዋጠ አድጓል። ሁለቱም ጓደኞቼ ዞረው አዩኝ።

«አይ የኛ ባዮሎጂ መምህርት!» አለች የሒሳቧ። ተሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ጉልቤውን ይቅርታ ብለን ፈታነው።

እሷ ግን ቁጣዋ ተጭሯል። አምባዛውን ባልዲ ውስጥ ጣለችና ነጠላዋን አጣፍታ «ለባለቤቱ ራሴ እመልስለታለሁ» ብላ ወጣች። የሐኪሙ መሥሪያ ቤት ከአውሮፕላን ሜዳው ማዶ ነው። ሜዳው የሣር ሜዳ ስለሆነ ከብት ይግጥበታል፣ ሰውም ያቋርጠዋል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ዘበኛው ፊሽካ እየነፋ ያስለቅቃል። እኛ ከኋላ ተከተልናት። ሐኪሙ ከወዲያ በኩል ወደ እኛ ቤት ሲመጣ መሃል ሜዳ ላይ ተገናኙ።

«ነፍሰ ገዳይ ነው ያመጡልን!» አለችው።

ባልዲው ውስጥ አየና ፊቱ ደም መሰለ። «እኔ እኮ የማውቀው ከብት ነው!»

በዚያው ቅጽበት ፊሽካው ተነፋ። ከብቱ ሁሉ መሮጥ ጀመረ፤ አንድ ጥጃ ባልዲውን ገጭቶ አለፈ። አምባዛ ከውኃ ወጣ ብሎ እንደ ሌላ ዓሣ እጁን አይሰጥም፤ ሣሩን እንደ እባብ እየሰነጠቀ ሄደ። ሁለቱም በጉልበታቸው ወድቀው ያሳድዱት ጀመር። እሱ ሲይዘው ያሟልጨዋል፣ እሷ ነጠላዋን ስትጥልበት በሥሩ ይወጣል። አውሮፕላኑ ከተራራው በኩል ዝቅ ብሎ መጣ። ዘበኛው በዱላው አየሩን ይቀዝፋል።

«አንተ! በዚያ በኩል! አንተ ሰውዬ፣ ጭንቅላቱን ያዘው እንጂ!» ስትል ሰማኋት።

አንተ አለችው። እስከዚያች ቀን ከእርስዎ ወርዳ አታውቅም ነበር። እሱም ያንን ሰምቶ ቀና ብሎ አያት፤ አምባዛውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ጭቃ ለብሶ፣ እስከ ጆሮው ፈገግ ብሎ። ትንሽ ቅር አለኝ፣ አልዋሽም፤ ያ ሁሉ ቅባት! ነገር ግን የጂንካዋ ክንዴን ይዛ በሳቅ ወደ መሬት ስትጎትተኝ ቅሬታው የት እንደገባ አላውቅም። አውሮፕላኑ ከአናታችን ላይ አጓርቶ ወደ ላይ ወጣ፤ አንድ ዙር ዞሮ ነው ያረፈው።

«አውሮፕላን በዓሣ ሲመለስ አይቼ አላውቅም!» ብሎ ዘበኛው ከሰሰን።

ክሱ ወደ መምህራን የውይይት ክበብ ተመራና የሒሳቧ መምህርት ቆማ ግለ ሂስ እንድታደርግ ታዘዘች። ተነሣች። «ጓዶች» አለች ኮስተር ብላ፣ «ጢሞዎቹን የዋጠው አምባዛው ነው። እኔ ደግሞ ሂሴን ውጫለሁ።» ሰብሳቢው ፊቱን በወረቀት ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

አምባዛውን እሷና ሐኪሙ ይዘውት ነሪ ወርደው ለቀቁት። ነሪ ሩቅ አይደለም፤ እነሱ ግን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው ባዶ ባልዲ ለሁለት ይዘው የተመለሱት። የጎደሉትንም ጢሞዎች ተካልን፤ አሁን ግን ጢሙ በእኔ ሳይቆጠር አንድም አይገባም።

ሁለቱ ሊጋቡ ቢወስኑ ቤተሰብ አስቸገረ። እሷ የጎንደር ኦርቶዶክስ፣ እሱ የአሪ ጴንጤ። አባቷ ነገሩን ሊያፈርሱ በጭነት መኪና አቧራ ለብሰው መጡ። የሐኪሙን ሰላምታ በጭንቅላታቸው ብቻ መለሱለትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ግድግዳው ጋ ያለው የብስኩቱ ሳጥን ነው። ጎንበስ ብለው ያዩት ጀመር። ጉልቤው አንዱን ከቀርከሃው ገፍቶ ሲያስወጣ፣ ሌላው ከኋላ ገፍቶ እሱን ሲያስወጣው፣ ሽማግሌው «ኧረ ጉድ!» አሉ። ሳቅም አሉ። ኋላ ጣታቸውን ቀስረው፣ ሐኪሙን ሳያዩት፣

«ና እስቲ አንተ ልጅ፤ ይሄኛው ምን ፈልጎ ነው?» አሉት።

እሱ አጠገባቸው በርከክ ብሎ ሲያስረዳ፣ እሳቸው ሲጠይቁ፣ እሱ ሲመልስ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ነክሳ ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም። እራት ላይ አጎረሱት።

ሠርጉ በአከራያችን ግቢ ሆነ። መዘምራኑ በአሪኛ ዘመሩ፤ ከጎንደር የመጡት አንድ ቃል ሳይገባቸው እልል አሉ። አባትየው እስክስታ ሲወርዱ የጂንካዋ ፊት ለፊታቸው ገጠመቻቸው፤ ትከሻዋ እንቢ ሲላት መላ ሰውነቷን አንቀጠቀጠችው። እኔ ጫማዬ አንዱ ወልቆ የት እንደገባ ሳላውቅ ጨፈርኩ። ዝናቡ ጣለ፣ ድንኳኑ አንድ ጥጉ ወደቀ፣ ማንም ግን ወደ ቤቱ አልሄደም።