ኦዚት የሰፋችው ቀሚስ

ኦዚት ሉዊዚያና ውስጥ፣ ረግረግ ዳር ባለች መንደር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት። የሰው ልብስ ስትሰፋ ነው ያረጀችው። አፏን ሞልታ የምትኮራው ግን ኒው ኦርሊንስ ባለችው ልጇ በቬልማ ብቻ ነበር። "በካርኒቫሉ ጭፈራ፣ ለበዓሉ ከተመረጠችው ንግሥት ፊት ነው የምደንሰው" ብላታለች። ቀሚሶቹን የምትሰፋላት እናቷ ናት። "ቁልፉ ይቅርና ከብብት እስከ ዳሌ መንጠቆ ይሁንልኝ፤ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለብኝ" ስትላትም እሺ ነው። ምስኪን እናት ምን ታውቃለች? እያንዳንዱን ቀሚስ ከመላኳ በፊት ጎረቤት ጠርታ እዩልኝ ስሙልኝ ትል ነበር።

አንድ ጠዋት ጋዜጣው ጉድ ይዞ መጣ። ሚስቱንና ልጆቹን አሰልፎ ስለ ቤተሰብ ክብር የሚሰብከው ሴናተር ዱፕሬ፣ መድረክ ላይ ልብሷን እያወለቀች ከምትደንስ ሴት ጋር ተይዟል። ሴቲቱ ቬልማ ናት። ፎቶው ላይ የለበሰችው ደግሞ መንደሩ በሙሉ እየዳሰሰ ያደነቀው አረንጓዴ ቀሚስ ነው። ኦዚት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቅዳሜ በጎረቤት ግቢ የአሳማ እርድ ነበር። ጎረቤት ተሰብስቦ ያርዳል፣ ሥጋውን ይካፈላል፤ ከዚያ የቀረ ከሰው ተራ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ኦዚት አንገቷን ደፍታ ሄደች። ሴቶቹ ቋሊማ ሊሠሩ ሩዝና ጉበት አንጀት ውስጥ እየሞሉ ነበር። አንጀቱን ልታስር ክር ስታነሳ የቬልማ የክርስትና እናት ኡላሊ ቀደመቻት።

"ተይው ኦዚት፤ ያንቺ ማሰሪያ ቶሎ ነው የሚፈታው!"

ግቢው በሳቅ ተሞላ።

ሳቁ ሳያበቃ ቬልማ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ሴናተሩ ከሚስቱ ጎን ቆሞ "ይህችን ሴት አላውቃትም" ብሎ ሲክዳት ሁሉም በሬዲዮ ሰምቶታል። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

"እማዬ፣ መሄጃ የለኝም" አለች።

ሰው ሁሉ ወደ ኦዚት ዞረ። ኦዚት እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"ማንን ፈልገሽ ነው?" አለች፣ ቀና ሳትል።

ቬልማ ረጋ ብላ፣ "ይቅርታ እትዬ፣ ቤት ተሳስቼ ነው" አለችና ሻንጣዋን አንስታ ወጣች።

አሁን የሚስቅ ጠፋ። ኡላሊ የያዘችውን ጣለች። "አንቺ ሴት፣ አብደሻል እንዴ? ልጅሽ እኮ ናት! ሂጂ ጥሪያት እንጂ!"

ኦዚት እስከ ግቢው በር ሄዳ ቆመች። ቅድም ያፈረችው በልጇ ነበር። አሁን ያፈረችው በራሷ ነው፤ በየትኛው አፏ ትጥራት?