አማቴ ሳልመን ሊያጠምዱ ነው

«አልበላም አልኩ እንጂ አላጠምድም መቼ አልኩ?»

ይሄን ያሉት አማቴ ናቸው፤ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ቤት ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦገስት ላይ ቤተሰቡ በሙሉ ለቫኬሽን ሲያትል እንሄዳለን። አንድ ቀን ጀልባ ተከራይተን ሳልመን እናጥምድ ስለተባለ እኔ ቡክ አደረግኩ። ካፒቴኑ ዓሣው በደንብ የሚገኘው ያን ሳምንት ነው ስላለኝ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ቀኑን ያዝኩት።

ሳምንቱ ፍልሰታ መሆኑ ትዝ ያለኝ ዛሬ ቅዳሴ ላይ ነው! አማቴ ደግሞ በፆም ዓሣ አይነኩም።

ባለቤቴ «በቃ ካንስል አድርጊው፤ እማዬን ጥለን አንሄድም» አለኝ። (ሲጀመር ሐሳቡ የማን ነበር? የሱ!)

እኔ ግን ፈራ ተባ እያልኩ ለራሳቸው ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። መልሳቸውን ከላይ አንብባችኋል። ቀጥለውም «ፍሪዘር ይግባልኝና ፆሙ ሲፈታ የራሴን ዓሣ እበላለሁ» አሉ።

ጉዞው አልተሰረዘም! እልልልል!

እናንተስ ቫኬሽን ቡክ አድርጋችሁ ፆም ያጋጠማችሁ እንዴት ተወጣችሁት? እስቲ ጻፉልኝ፤ ስመለስ አነባለሁ። አማቴ «ለጀልባው የማያንሸራትት ጫማ እንግዛ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመዋል።